ዲስኩ ተላገ፣ መሪው ግን አሁንም ይንቀጠቀጣል
ዲስክ ቶርኖ ቤት ተልጎ በመጣ በጥቂት ወራት ፍሬን ሲያዝ መሪው እንደገና መንቀጥቀጥ ከጀመረ፣ ሁላችንም የምንወቅሰው የቶርኖ ባለሙያውን ነው፤ እኔ ግን ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የሚፈጸመው ዲስኩ መኪናው ላይ ሲመለስ ነው እላለሁ። ዲስኩ የሚታሰርበት ሞዞ ላይ የተጋገረው ዝገት በብረት ብሩሽ ሳይነሳ ዲስኩ ከተደረበበት፣ ያ ሁሉ የተለፋበት ብረት ዘንበል ብሎ ይቀመጣል፤ ብዙ አምራቾች የሚፈቅዱት መዋዠቅ ደግሞ ከ0.1 ሚሊሜትር አይበልጥም፣ የአንድ ወረቀት ውፍረት መሆኑ ነው። ጉዳቱ በመጀመሪያው ቀን አይታይም። ዲስኩ በዞረ ቁጥር ሸራው አንዱን ቦታ ብቻ እየነካ ያሳሳዋል፣ ውፍረቱ ይዛነፋል፣ ያኔ ፔዳሉ እግር ስር መምታት ይጀምራል። የጎማ ዳዶ በመስቀለኛ ሳይሆን በተርታ፣ ያውም በአየር መፍቻ ሲጠብቅም መዘዙ ተመሳሳይ ነው። ፔዳሉ ከላላ ግን ዲስኩን ተዉትና መስመሩ ውስጥ የገባ አየር ፈልጉ። ከሁሉ የሚያስቆጣኝ ውፍረቱ ሳይለካ የሚላግ ዲስክ ነው፤ ዝቅተኛው ልክ አብዛኛውን ጊዜ በራሱ በብረቱ ላይ ተቀርጿል። በብዙ መኪኖች አዲስ ሳለ 25 ሚሊሜትር የነበረ ዲስክ 23 አካባቢ ሲደርስ ይጣላል፤ የሳሳ ብረት ሙቀት አይችልም፣ ከእንጦጦ ወደ ሽሮ ሜዳ ፍሬን እየረገጠ የወረደ ሁሉ ያንን የተቃጠለ ሸራ ሽታ ያውቀዋል። እኔ ከዋጋው በፊት ልኬቱን እጠይቃለሁ፤ የሞዞውንም ንጣት በዓይኔ ሳላይ ጎማው አይታሰርም።