ሥዕሉ ለማን ነው?



በቅርቡ እኛ ተማሪዎች የምድጃ ጭስ የሕፃናትን ሳንባ እንደሚጎዳ የሚያስረዳ ሰሌዳ አዘጋጅተን በየካ፥ ከሾላ ገበያ አጠገብ አቁመን ነበር። ከእንጦጦ የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ ተሸክመው የወረዱ አንዲት እናት ሸክማቸውን አሳርፈው፥ ከፍ ከፍ እያሉ የተደረደሩትን ዓምዶች አተኩረው ከተመለከቱ በኋላ፥ «ልጆቼ፥ ይህ የምን ደረጃ ነው? ወዴትስ ያወጣል?» ሲሉ ጠየቁን። ከመካከላችን የሳቀ አልታጣም። ነገር ግን የሚያሳፍረው የእኛ ሰሌዳ እንጂ የእርሳቸው ጥያቄ አልነበረም። ዕድሜያቸውን ሙሉ ጭስ ላቃጠላቸው እናት ያቀረብንላቸው ለፈተና ያጠናነውን ቁጥር ነውና።

ሀገራችን ግን ከዚህ የተሻለ አሠራር ታውቃለች። በ1963 ዓ.ም. የፈንጣጣ ማጥፋት ዘመቻ ሲጀመር፥ ሠራተኞቹ ፈንጣጣ የወጣበትን ሕፃን የሚያሳይ ካርድ ይዘው በየገበያውና በየትምህርት ቤቱ ይዞሩ ነበር። ካርዱ ስለ ቫይረስ አያስተምርም፤ «እንዲህ ያለ ሕመምተኛ አይታችኋል?» ብሎ ይጠይቃል እንጂ። ሕዝቡ ያየውን ይናገራል፤ በሽታው የገባበት መንደር ይታወቃል፤ ክትባቱም ይከተላል። በኢትዮጵያ የመጨረሻው የፈንጣጣ ሕመምተኛ የተገኘው በነሐሴ 1968 ዓ.ም. ነው።

ዛሬም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ከስድስት ወር እስከ አምስት ዓመት ያሉትን ሕፃናት ክንድ የሚለኩበት ባለ ሦስት ቀለም ጥብጣብ አለ። ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ቀይ፥ ከዚያ እስከ 12.5 ቢጫ፥ ከዚህ በላይ አረንጓዴ ነው። ፊደል ያልቆጠረች እናት እንኳ ቀዩን አይታ የልጇን አደጋ ትረዳለች።

አንዳንድ ጓደኞቻችን «ነገሩን ማቅለል ሳይንስን ማዋረድ ነው» ይላሉ። እኛ አንስማማም። ከእያንዳንዱ ቀለም በስተጀርባ ብዙ ልኬትና ብዙ ድካም አለ፤ ተመልካቹ እንዳይደክም የደከመው ባለሙያው ነው።

ስለዚህ ወደፊት ማናቸውም ሥዕል ከመለጠፉ በፊት፥ ከእኛ ክፍል ገብተው ለማያውቁ ሦስት ሰዎች ይታይ፤ ምን እንዳዩም ይጠየቁ። ካልገባቸው የሚታረመው ሥዕሉ ነው፥ ሰዎቹ አይደሉም። መምህራኖቻችንም ይህን ሥራ እንደ ጨዋታ ሳይሆን እንደ ትምህርት ቆጥረው እንዲያርሙን እንለምናለን።

አዲሱን ንድፍ ይዘን ወደ ሾላ እንመለሳለን። እኚያ እናት አሁንም «ደረጃ ነው» ካሉን፥ እንደገና መሣል የእኛ ዕዳ ነው።