«ፍሬን በጠሰ» ማለት ባለቤቱን ከኀላፊነት አያድነውም

ዕቃን በተገቢ ዋጋ ገዝቶ በተገቢ ትርፍ መሸጥ የንግድ ግማሹ ነው። ያንኑ ዕቃ ሳይጎድልና ሳይበላሽ ከገዥው ደጃፍ ማድረስ ደግሞ ሌላው ግማሽ መሆኑን በሥራው ላይ የቈየ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ለዚህም አገልግሎት ከመርካቶ አንሥቶ እስከ ትንንሾቹ የወረዳ ከተሞች ድረስ ዘወትር የሚታየው መኪና ፒክአፕ ነው። ሲሄድ ጨርቅ፣ ሳሙናና ቆርቆሮ ይጭናል፤ ሲመለስ እህል፣ ቅቤና ማር ያመጣል፤ በበዓል ቀን ደግሞ ቤተ ሰብ ያመላልሳል። እንዲህ ያለውን መኪና ባለቤቱ እንደ ሁለተኛ ሱቅ ቢቈጥረው አያስደንቅም። የሚያስደንቀው፣ የሱቁን ቍልፍ ማታ ማታ ሁለት ጊዜ ሳይፈትሽ ወደ ቤቱ የማይገባ ነጋዴ፣ የመኪናውን ፍሬን ከዓመታዊው ምርመራ በቀር አንድ ቀን እንኳ ሳያሳይ መኖሩ ነው።

መኪና ተገልብጦ ወይም ከሌላ ጋር ተጋጭቶ ሰው በሞተና ንብረት በጠፋ ጊዜ፣ ብዙውን ጊዜ አስቀድሞ የሚሰማው ቃል «ፍሬን በጠሰ» የሚለው ነው። ይህ አነጋገር ፍሬንን እንደ ገመድ፣ ማንም ሳያስበው ድንገት የሚቈረጥ ነገር አስመስሎ ያቀርበዋል። በዚህም ምክንያት ጥፋቱ ወይ ለዕድል ይሰጣል፣ ወይ መሪውን ይዞ በነበረው ሾፌር ላይ ይጣላል። እውነቱ ግን ከዚህ ይለያል። ፍሬን ሳያስጠነቅቅ የሚከዳው ከስንት አንድ ጊዜ ነው፤ በአብዛኛው ከመክዳቱ በፊት ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ምልክት ሲሰጥ ይቈያል። ምልክቱን የሚያየው ሾፌሩ ነው፤ ገንዘብ አውጥቶ እንዲጠገን የሚያዘው ግን ባለቤቱ ነው። ስለዚህ የፍሬን ነገር ከጋራዡ ይልቅ የነጋዴው የሒሳብ መዝገብ ጉዳይ ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም።

ነገሩን ለመረዳት መካኒክ መሆን አያስፈልግም። ሾፌሩ ፔዳሉን ሲረግጥ የፍሬኑ ፖምፓ ዘይቱን በቀጫጭን ቧንቧዎች ወደ አራቱም ጎማዎች ይገፋል። በአብዛኞቹ ፒክአፖች ከፊት በኩል ሸራው የሚሽከረከረውን ዲስክ ከሁለት ወገን ይጨብጣል፤ ከኋላ ደግሞ ሸራ የለበሱ ሁለት ቅስት ብረቶች በታምቡሩ ውስጥ ወደ ውጭ ተገፍተው ይይዙታል። መኪናው የሚቆመው በመፋተግ ነው፤ መፋተግም ሙቀት ይወልዳል። እንግዲህ ፍሬን ማለት የመኪናውን ሩጫ ወደ ሙቀት ለውጦ ለነፋስ የሚያስረክብ መሣሪያ ነው። ፍጥነቱ በሰዓት ከ40 ወደ 80 ኪሎ ሜትር ሲያድግ፣ መኪናውን ለማቆም ፍሬኑ የሚቀበለው ሙቀት ሁለት እጥፍ ሳይሆን አራት እጥፍ ይሆናል።

ይህ ነገር ለኢትዮጵያ መንገድ ከባድ ትርጉም አለው። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዐባይ ድልድይ፣ ወይም ከጣርማ በር በደብረ ሲና አድርጎ ወደ ሸዋ ሮቢት የሚሄድ መኪና ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል፤ ከሐረር ወደ ድሬዳዋ የሚሄደውም የደንገጎን ጠመዝማዛ ያውቀዋል። ጭነቱን ጨምሮ 3 ቶን የሚመዝን ፒክአፕ 1,000 ሜትር ሲወርድ የሚለቀው ኀይል በሙሉ ወደ ሙቀት ቢለወጥ፣ ከ80 ሊትር የሚበልጥ ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት ይበቃል። በዝቅተኛ ማርሽ የወረደ ሾፌር ከዚህ ሸክም ብዙውን ለሞተሩ ያካፍላል። ነዳጅ ለመቈጠብ ሲል ማርሹን ነጻ አድርጎ የሚወርደው ግን ሸክሙን በሞላ ጎደል ለሸራዎቹ ብቻ ይተወዋል። ሞተሩን አጥፍቶ መውረድ ደግሞ ከሁሉ የከፋ ነው፤ ፔዳሉን የሚያቀልለው ሰርቮ ኀይሉን የሚያገኘው ከሞተሩ ስለሆነ፣ ሞተሩ ከጠፋ ጥቂት ጊዜ እንደ ተረገጠ ፔዳሉ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል።

ብዙ ሰው የሚረሳው ሌላው ነገር የፍሬን ዘይት ነው። ይህ ዘይት ከአየር እርጥበት የመሳብ ጠባይ አለው። ዶት 3 የሚባለው ዐይነት አዲስ ሳለ የመፍያ ልኩ ቢያንስ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እንዲሆን ታዟል፤ እርጥበት ከጠጣ በኋላ ግን የሚጠበቅበት 140 ዲግሪ ብቻ ነው። ለዶት 4 ቍጥሩ 230 እና 155 ነው። ያረጀ ዘይት በረጅም ቁልቁለት ላይ ሲፈላ በፍሬኑ ውስጥ እንፋሎት ይፈጠራል፤ እንፋሎትም ከዘይት ተለይቶ የሚታመቅ ስለሆነ ፔዳሉ ሳይከብድ እስከ ወለሉ ይወርዳል። መኪናው ቆሞ ሲቀዘቅዝ ፍሬኑ ይመለሳል፤ ስለዚህም ዘግይቶ የመረመረው ሰው ምንም ጕድለት ላያገኝበት ይችላል። መድኀኒቱ ዘይቱን በየሁለት ዓመቱ ገደማ፣ ወይም ፋብሪካው ባዘዘው ጊዜ፣ ጨርሶ መለወጥ ነው። በእርሱ ፋንታ የሞተር ዘይት መጨመር ግን የውስጡን ላስቲኮች አሳብጦ መላውን ፍሬን ያበላሻል።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው የጭነት ነገር ነው። የአንድ ፒክአፕ የመጫን ዐቅም በአብዛኛው 1 ቶን ገደማ፣ ማለትም 10 ኩንታል ነው፤ በዚህም ውስጥ የተሳፈሩት ሰዎች ክብደት ይቈጠራል። ከዚህ አልፎ 15 ወይም 20 ኩንታል ለመጫን የፈለገ ባለቤት ባሌስትራ ያስጨምራል። ባሌስትራው መኪናው እንዳይጎብጥ ይደግፈዋል፤ ፍሬኑን ግን ከቶ አያበረታውም። እንዲያውም በብዙ ፒክአፖች ላይ ከኋለኛው አክስል ጋር በዘንግ የተያያዘች፣ ጭነትን የምትለይ ቫልቭ አለች። መኪናው በጭነት ዝቅ ሲል ለኋላው ፍሬን ብዙ ግፊት ትለቃለች፤ ባዶ ሆኖ ከፍ ሲል ታሳንሳለች። ባሌስትራ የተጨመረበት መኪና ግን ጭነት ተሸክሞም ከፍ ብሎ ስለሚቆም፣ ቫልቯ ባዶ መስሏት ለኋላው ፍሬን ጥቂት ብቻ ትሰጣለች፤ ሥራው ሁሉ በፊቱ ፍሬን ላይ ይወድቃል። ባለቤቱ መኪናውን አበረታሁት ብሎ ሲደሰት፣ በእውነቱ ከአራቱ ፍሬኖች የሁለቱን ጕልበት ቀንሷል። ከልኩ በላይ መጫን ይቅርና በልኩም ለመጫን ቢሆን፣ ባሌስትራ ከተለወጠ ወይም ከተጨመረ በኋላ ይህች ቫልቭ ሳትስተካከል መኪናው ከጋራዥ ሊወጣ አይገባም።

ፍሬን የሚሰጣቸውን ምልክቶች ባለቤቱም ቢያውቃቸው ይጠቅመዋል። ፔዳሉ የለሰለሰ እንደ ሆነ አየር መግባቱን ያሳያል፤ ተረግጦ ሳለ ቀስ እያለ የሚሰምጥ ከሆነ ፖምፓው ወይም አንዱ መጋጠሚያ እያፈሰሰ ነው። ፔዳሉ ሲደነድን ሰርቮው ወይም ኀይል የሚሰጠው መሣሪያ ተበላሽቷል። ፍሬን ሲያዝ መኪናው ወደ አንድ ወገን የሚስብ ከሆነ፣ አንደኛው ፍሬን ተጣብቋል ወይም ሸራው ዘይት ነክቶታል። ብረት ከብረት ሲፋጭ የሚሰማው ጩኸት የሸራውን ማለቅ፣ የመሪው መንቀጥቀጥ የዲስኩን መዛባት፣ የእጅ ፍሬን አለመያዝ የኋላው ሸራ መሳሳቱን ወይም መላላቱን ያመለክታል። የፍሬን ዘይት በጎደለ ቍጥር ዝም ብሎ መሙላትም ራስን ማታለል ነው፤ ጕድለቱ ወይ ሸራው እየሳሳ፣ ወይ ዘይቱ በአንድ ቦታ እየፈሰሰ መሆኑን የሚናገር ነውና።

ታዲያ ይህ ሁሉ ምልክት እያለ አደጋው ለምን ይደርሳል ቢባል፣ መልሱ ከነጋዴው ቢሮ ይገኛል። ሾፌሩ ፔዳሉ መለሳለሱን ሲናገር «ከዚህ ጉዞ መልስ ይታያል፤ ዕቃው ለነገ ገበያ መድረስ አለበት» ይባላል። መኪናውን አቁሞ ቢውል የዕለት አበሉ ይቀርበታል፤ ደጋግሞ ቢያሳስብ ሰነፍ ይባላል። ስለዚህ ዝም ብሎ ይነዳል። ከአደጋው በኋላ ግን ያው ባለቤት «ለምን አልነገረኝም?» ሲል ይሰማል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንደሚባለው፣ አንድ ቀን ለማትረፍ የተደረገው ችኮላ መኪናውን፣ ዕቃውን፣ ከዚያም የሚብሰውን፣ የሰውን ሕይወት ያስከፍላል።

ሕጉም በዚህ ረገድ ግልጽ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቍጥር 2081፣ የመኪና ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጕዳት ኀላፊ መሆኑን፣ መኪናውን የነዳው ሰው ያልተፈቀደለት ቢሆን እንኳ ይኸው ኀላፊነት እንደማይቀር ይደነግጋል። የሦስተኛ ወገን መድንም ቢሆን ለተጎዳው ሌላ ሰው የቆመ እንጂ፣ ለባለቤቱ መኪናና በላዩ ለተጫነው ዕቃ የሚከፍል አይደለም።

እርግጥ ነው፣ ነጋዴው የሚያቀርበው መከራከሪያ አለው። በሐምሌ ወር 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ መለዋወጫ በብር ሲታሰብ ዋጋው ከፍ ብሏል። አንዳንድ ሾፌርም ከመጠን በላይ እየነዳ ደኅናውን ሸራ ያቃጥላል። እነዚህ ሁለቱም እውነት ናቸው። ነገር ግን የመለዋወጫ መወደድ ፍሬንን ለመጠበቅ እንጂ ለመተው ምክንያት አይሆንም። በጊዜው ያልተለወጠ ሸራ ካለቀ በኋላ ብረቱ ዲስኩን ስለሚበላው፣ ሸራ ብቻ መግዛት ይበቃው የነበረ ሰው ዲስክም ጨምሮ ይገዛል። ስለ ሾፌሩም ቢሆን፣ የሚነዳበትን ፍጥነት ብዙ ጊዜ የሚወስነው ባለቤቱ የሚሰጠው የመድረሻ ሰዓት መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም።

መለዋወጫ የሚያስመጡና የሚቸረችሩ ነጋዴዎችም በዚህ ጉዳይ ድርሻ አላቸው። ብዙ ፋብሪካዎች በሸራው ላይ ሁለት የላቲን ፊደሎች ያትማሉ። የመጀመሪያው ሸራው በመጠነኛ ሙቀት፣ ሁለተኛው በጋለ ጊዜ ያለውን የመያዝ ልክ ያመለክታል፤ «ኢ» ከ0.25 እስከ 0.35፣ «ኤፍ» ከ0.35 እስከ 0.45፣ «ጂ» ከ0.45 እስከ 0.55 ማለት ነው። ቁልቁለት ለበዛበት አገር ሁለተኛው ፊደል እንዳይወርድ መጠንቀቅ ይገባል። በተባበሩት መንግሥታት ደንብ ቍጥር 90 የተፈተነ ሸራ ደግሞ በክብ ውስጥ የተጻፈ የ«ኢ» ምልክት አለው። ምልክት በሐሰት ሊታተም ስለሚችል፣ አስመጪው የፈተናውን ወረቀት ከፋብሪካው ጠይቆ ከመዝገቡ ጋር ቢያኖር ራሱንም ደንበኛውንም ይጠብቃል። ቸርቻሪውም የፍሬን ዘይት ከተከፈተ ዕቃ እየቀዳ መሸጡን ሊተው ይገባዋል፤ ክዳኑ ተከፍቶ የቈየ ዘይት ገና ሳይሸጥ እርጥበት ጠጥቷልና።

እንግዲህ ሊደረግ የሚገባው ከዐቅም በላይ አይደለም። አንደኛ፣ እያንዳንዱ መኪና በንግድ ቤቱ መዝገብ የራሱ ገጽ ይኑረው፤ ሸራው፣ ዘይቱና ላስቲኮቹ የተለወጡበት ቀንና ኪሎ ሜትር ይጻፍበት። ሁለተኛ፣ ከእያንዳንዱ ጉዞ ገቢ ላይ ለፍሬን የሚሆን ጥቂት ብር ይቀመጥ፤ የነዳጅ ወጪ አስቀድሞ እንደሚታሰብ የፍሬንም ወጪ አብሮ ይታሰብ። ሦስተኛ፣ ስለ ፍሬን ምልክት ተናግሮ መኪናውን ያቆመ ሾፌር የዚያን ቀን አበሉን ሳይቀነስበት ያግኝ። አራተኛ፣ በኪራይ ፒክአፕ የሚያስጭን ነጋዴ ከሊብሬው ላይ የመጫን ልኩን አይቶ፣ ከዚያ በላይ እንዲጫን አይዘዝ።

ከእነዚህ ውስጥ የሦስተኛው ነገር ከሁሉ ይቀድማል። የአንድ ቀን አበል ለባለቤቱ ትንሽ ወጪ ነው፤ ሾፌሩ ያየውን ሳይፈራ እንዲናገር የሚያደርገው ግን እርሱ ነው። አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለእንዲህ ያለው ጊዜ ነው። ሾፌሩ «ፔዳሉ ለስልሷል» ባለ ሰዓት መኪናው ወደ ጋራዥ ከገባ፣ ዕቃው አንድ ቀን ዘግይቶ ገበያ ይደርሳል፤ ሾፌሩም በደኅና ወደ ቤቱ ይገባል።