ከወታደሩ በፊት ሠራተኛው

በኮምፒዩተር ከሚካሄዱት የጦርነት ጨዋታዎች መካከል «ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ ሁለት» የተባለው፣ እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣ ቢሆንም፣ እስከ ዛሬ ድረስ ብዙ ወዳጆች አሉት። በዚህ ጨዋታ ተራ የሚባል ነገር የለም፤ ተጫዋቾቹ በአንድ ጊዜ ያዛሉ፣ ያሠራሉ፣ ይዋጋሉ። ስለዚህም ጀማሪው ይቸኩላል። ጨዋታው የጦርነት ነውና አስቀድሞ ወታደር ማብዛት የሚገባው ይመስለዋል። እኔ ግን በዚህ አሳብ አልስማማም። በጀማሪዎች መካከል አሸናፊው በአብዛኛው የሚለየው ሰይፍ ከመመዘዙ በፊት፣ በጎተራውና በጫካው ነው።

ምክንያቱን ከቁጥሩ ተመልከቱ። በተለመደው አጀማመር ተጫዋቹ አንድ የከተማ ማዕከል፣ ሦስት ሠራተኞችና አንድ ፈረሰኛ ቃፊር፣ እንዲሁም 200 ምግብ፣ 200 እንጨት፣ 100 ወርቅና 200 ድንጋይ ይሰጠዋል። አንድ ሠራተኛ ለማውጣት 50 ምግብና 25 ሴኮንድ ያስፈልጋል። እንግዲህ ማዕከሉ ሳያቋርጥ ከሠራ በ10 ደቂቃ ውስጥ 24 ሠራተኞች ያወጣል። ሁለት ደቂቃ ብቻ ቢቦዝን ግን አምስት ያህል ሠራተኞች ይጎድላሉ። የሚጎድሉትም እነርሱ ብቻ አይደሉም፤ እስከ ጨዋታው ፍጻሜ ድረስ ሊሰበስቡት ይችሉ የነበረው እንጨትና እህል ሁሉ አብሮ ይቀራል።

ማዕከሉን ከሚያቦዝኑት ነገሮች አንዱ የቤት እጦት ነው። ማዕከሉ የሚያስጠልለው አምስት ነፍስ ብቻ ሲሆን፣ አራቱ ከመጀመሪያው አሉ። አንድ ሠራተኛ ከተጨመረ በኋላ ቤት ካልተሠራ ሥራው ይቆማል። ሌላው የምግብ እጦት ነው። በእጅ ያለው 200 ምግብ አራት ሠራተኞች አውጥቶ በ100 ሴኮንድ ያልቃል። ስለሆነም ቃፊሩ የጠላትን አገር ፍለጋ ከመጋለቡ በፊት በአቅራቢያ የተበተኑትን በጎች ይሰብስብ። እያንዳንዱ በግ 100 ምግብ ይሰጣል። በጎቹ ወደ ማዕከሉ ደጃፍ ተነድተው እዚያው ይታረዱ፤ ሩቅ ቢታረዱ ሠራተኛው ሥጋ ተሸክሞ ሲመላለስ ጊዜው ያልቃል። ሁሉንም በአንድ ጊዜ ማረድም አይገባም፤ የታረደው ሥጋ በቆየ ቁጥር እየተበላሸ ይቀንሳልና። (በዚህ ረገድስ ጨዋታው ከኑሮ ብዙም አልራቀም።)

በጎቹና አውሬዎቹ ሲያልቁ ተስፋው እርሻ ነው። አንድ እርሻ ለማበጀት ደግሞ 60 እንጨት ያስፈልጋል። በጊዜው ሰው ወደ ጫካ ያልላከ ተጫዋች መሬት እያለው ይራባል።

«ወታደር ሳናዘጋጅ ጠላት ቢደርስብንስ?» የምትሉ ትኖሩ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ወደ ሁለተኛው ዘመን መሻገር 500 ምግብና 130 ሴኮንድ ይጠይቃል፤ በዚያም ጊዜ ማዕከሉ አንድም ሠራተኛ አያወጣም። እጅግ ቀድሞ የተሻገረ የወታደሩን ቤት የሚሠራበት እንጨት ያጣል፤ እጅግ የዘገየም በጦር ይቀደማል። በእኔ አስተያየት ጀማሪ ሠራተኞቹ ሃያን አለፍ ሲሉ ቢሻገር ይበጀዋል። ለመሻገሪያው ምግብ ማጠራቀም የግድ ነው። ያለዚያ ግን በስክሪኑ አናት ላይ የተከመረው ቁጥር ሀብት መስሎ አያታልላችሁ። ያልተሠራበት 800 እንጨት አይወልድም፤ ቀስት አይወረውርም።

ኢትዮጵያውያን በዚህ ጨዋታ ውስጥ የተካተቱት እ.ኤ.አ. በ2015 ነው። ሲገቡም ወደ አዲስ ዘመን በተሻገሩ ቁጥር 100 ምግብና 100 ወርቅ ስጦታ እንዲያገኙ ተደርጓል። ብዙ ጀማሪዎች በዚህ ስጦታ ደስ ብሏቸው እንዳለ ያስቀምጡታል። ምግቡ የሁለት ሠራተኞች ዋጋ ነው፤ ማዕከሉ ወዲያው ቢታዘዝ በ50 ሴኮንድ ውስጥ ሁለቱም መጥረቢያቸውን ይዘው ወደ ጫካ ይወርዳሉ።