መጥረቢያው ምን በደለ?

«ጎራዴ የበዛበት መጽሐፍ ሥነ ጽሑፍ አይደለም» የሚለውን ፍርድ ከንባብ ወዳጆቼ አንደበት መስማት ከጀመርኩ ሰነባብቻለሁ። ፍርዱ ይግባኝ የለውም። ልብ ወለዱ ምሽግና መጥረቢያ ካለበት፣ ሽፋኑ ሳይገለጥ «የልጆች ንባብ» ተብሎ ወደ ጎን ይገፋል። እኔ በሙያዬ የባንክ ሠራተኛ፣ በፍላጎቴ ግጥም ጫሪ ነኝ፤ ለሐያሲነት የሚያበቃ ማዕረግ የለኝም። ሆኖም በመስኮቴ የሚገባን ገንዘብ ሳልቆጥር ተቀብዬም መልሼም አላውቅምና፣ መጽሐፍን ሳይቆጥሩ የሚመልሱትን ዛሬ ልሞግት ተነሥቻለሁ።

የሙግቴ ምክንያት የእንግሊዛዊው ደራሲ የዴቪድ ጌሜል «ሌጀንድ» ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 የታተመ፣ አብዛኛው ገጹ ውጊያ የሆነ ምናባዊ ልብ ወለድ። ድሮስ ዴልኖክ የሚባል ምሽግ አለ፤ ስድስት ግንቦች ተከታትለው የተራራውን መተላለፊያ ይዘጋሉ። ናዲር የተባሉ ነገዶች በኡልሪክ መሪነት እንደ አንበጣ መንጋ ይመጡበታል። ተከላካዮቹ ጥቂቶች ናቸው፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ ጦርነት አይተው አያውቁም። ሊረዳቸው የሚመጣውም ድራስ የሚባል፣ ዕድሜው ስድሳ የደረሰ፣ ጉልበቱን የሚያመው ሽማግሌ ነው። መጥረቢያው ግን ከእጁ አልተለየችም።

ከዚያስ? ግንብ ይወድቃል፤ ወደሚቀጥለው ያፈገፍጋሉ። እንደገና ይወድቃል፤ እንደገና ያፈገፍጋሉ። ወዳጆቼ «ድግግሞሽ» የሚሉት ይህንን ነው።

ጌሜል የዚህን መጽሐፍ የመጀመሪያ ረቂቅ የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1976፣ ካንሰር ይዞህ ሊሆን ይችላል ተብሎ የምርመራ ውጤት በሚጠብቅበት ወቅት ነበር። ምሽጉ የራሱ ገላ፣ ከበባው ደዌው ነበር። ግንቦቹም ስም አላቸው። የፊተኛው የፈንጠዝያ፣ ሁለተኛው የተስፋ መቁረጥ፣ ሦስተኛው የታደሰ ተስፋ፣ አራተኛው የጭንቀት፣ አምስተኛው የእርጋታ፣ የመጨረሻው የሞት ግንብ ነው። የታመመ ሰው አጠገብ የተቀመጠ ይህን ቅደም ተከተል ድግግሞሽ ብሎ ሊጠራው አይችልም።

እኔም ተቀምጬ አውቃለሁ። አባቴ በታመመበት ዓመት መጀመሪያ ላይ እስከ ቤተ ክርስቲያን ደርሶ ይመለስ ነበር። ከዚያ እስከ ግቢው በር ብቻ ሆነ። ከዚያ እስከ በረንዳው ወንበር። በመጨረሻ አልጋው ላይ ቀና ብሎ ቡና መጠጣቱ ለቤታችን እንደ ድል ተቆጠረ። አንዱን በተነጠቅን ቁጥር፣ ከሚቀጥለው ጀርባ ገና እንደተጀመረ ውጊያ እንቆም ነበር። መጽሐፉን ያነበብኩት አባቴ ካረፈ በኋላ ነው። በዚያ ሰሞን ስንት የሐዘን ግጥም አገላብጬ ያላገኘሁትን ቃል ከዚህ የመጥረቢያ መጽሐፍ አገኘሁ፤ ማፈግፈግ ሁሉ ሽንፈት አይደለም የሚለውን።

ደግሞስ ጎራዴን የምንጸየፍ እኛ ማን ነን? የፉከራና የቀረርቶ ልጆች አይደለንምን? ሠርግ ቤት አንድ አዛውንት ከዘራቸውን እንደ ጦር ነቅንቀው «ዘራፍ!» ሲሉ ጸጉሩ የማይቆም ከመካከላችን ማን ነው? የሆሜር «ኢሊያድ»ስ ጦሩ የትኛውን አጥንት ሰብሮ እንደገባ እየዘረዘረ የሚተርክ አይደለምን? እርሱ ዘመን ስለጠገበ ክቡር፣ ይህ ትናንት ስለተጻፈ ርካሽ የሚሆንበት ሚዛን የት ተሠራ?

መጽሐፉ እንከን የለበትም አልልም። እንዲያውም ከወዳጆቼ ይልቅ እኔ ተቆጥቼበታለሁ፤ ቁጣዬ ግን በመጥረቢያው አይደለም። ሬክ የተባለው ጎልማሳና የምሽጉ ጌታ ልጅ ቪራይ የሚዋደዱት በጥድፊያ ነው። እርሷ በጦርነቱ ትሞታለች፤ እኛም ከሬክ ጋር እናዝናለን፤ በፍጻሜው ግን ደራሲው ከሞት ያስነሣታል። የመጨረሻው ግንብ ሊወድቅ ሲል ደግሞ ኡልሪክ በአገሩ ዐመፅ መነሣቱን ሰምቶ ጦሩን ይዞ ይመለሳል። መጽሐፉን አጥፌ ለረጅም ጊዜ ግድግዳ አየሁ። በአባቴ ደጅ የሰፈረው ጠላት ዐመፅ ተነሣብኝ ብሎ አልሄደም።

የጌሜል ጠላት ግን ሄዶለት ነበር፤ ምርመራው በኋላ ስሕተት ሆኖ ተገኝቷል። ስለዚህ ልፈርድበት ይከብደኛል። ይህን ያህል ግን እላለሁ፤ ደራሲው በውጊያው ገጾች አልዋሸንም፤ የዋሸን ውጊያውን ባቆመበት ስፍራ ነው። ሽማግሌውን ድራስን አላዳነውም። ሲወድቅ ጠላቱ ኡልሪክ ራሱ በክብር ይሸኘዋል፤ የምሽጉንም አለቃ ለቀብሩ ይጋብዘዋል። ሊገድሉን የመጡትም ሰዎች መሆናቸውን የምናየው እዚያ፣ በሞተው ሰው ዙሪያ ነው። ይህን ገጽ «ባዶ ድርጊት» የሚል ካለ፣ ገጹን አላነበበውም።

ጌሜል እ.ኤ.አ. በ2006 ሲያርፍ ስለ ትሮይ የጀመረውን ሦስተኛ መጽሐፍ ገና አልጨረሰም ነበር፤ ባለቤቱ ስቴላ ጨርሳ በ2007 ታተመ። እስከ ፍጻሜው ስለ ግንብና ስለ ግንብ ጠባቂዎች ሲጽፍ ኖረ።

ወዳጆቼ ሆይ፣ መጽሐፉን ንቀፉት፤ እኔም ነቅፌዋለሁ። ነገር ግን ሳትቆጥሩ አትመልሱት።