ጥርሳችን ውስጥ የቀረችው ብረት

ከመካከላችን አንዷ መንጋጋዋ ውስጥ ብረት ይዛ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ኖራለች። እሷም አታውቅ፣ እኛም አናውቅ። የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ ብረቷ ስትሰበር ወንበሩ አጠገብ የቆሙት ሐኪምና ረዳታቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጅቷ የታችኛው መንጋጋዋ ሌሊት ሌሊት እንቅልፍ ሲነሳት አዲስ አበባ ውስጥ ካሉት ክሊኒኮች ወደ አንዱ ሄደች። (ስሙን አንጠራም። ጠባችን ከአንድ በር ጋር አይደለም።) "ነርቩ ተነክቷል፣ ሩት ካናል ያስፈልገዋል" ተባለች፤ ሦስት ቀጠሮም ተያዘላት። በሁለተኛው ቀን አፏን ከፍታ ጣሪያ ጣሪያውን እያየች ሳለ "ጢቅ" የምትል ነገር ሰማች። ሐኪሙ እጃቸውን ሰበሰቡ። ረዳታቸውን አዩ፣ ረዳታቸውም አየቻቸው። ትንሽ ዝም ተባለና "ለዛሬ ይብቃን፣ በርትተሻል" አሏት። በሦስተኛው ቀጠሮ ጥርሱ ተደፈነ፣ ሒሳብ ተከፈለ፣ "እግዜር ይስጥልኝ ዶክተር" ተብሎ ተወጣ።

ከሁለት ዓመት በላይ ቆይቶ ድዷ ላይ ብጉር የምትመስል ነገር ብቅ አለች። ትፈርጣለች፣ ትጠፋለች፣ ደግሞ ትመጣለች። ብዙም አታምም። ሌላ ክሊኒክ ሄዳ ራጅ ተነሳች። አዲሷ ሐኪም ስክሪኑን ወደ እሷ አዞሩና "ይቺን ነግረውሽ ነበር?" አሏት።

"ምኗን?"

ሥሩ ጫፍ አካባቢ እንደ ብሎን የተጠመዘዘች ቀጭን ነጭ ክር። ፋይል ትባላለች። የቢሮ ፋይል እንዳይመስላችሁ፤ ሞረድ ናት፣ የጥርስን ሥር ከውስጥ እየሞረደች የምታጸዳ መርፌ መሳይ ብረት።

እንግዲህ "ሐኪም ተብዬው ብረት ሰበረባት!" ብለን እንድንጮህ ከጠበቃችሁ አልተግባባንም። ብረት ይሰበራል። የጥርስ ሥር ቀጥ ያለ ቧንቧ አይደለም፤ ይጣመማል፣ ይጠባል፣ አንዳንዴ ለሁለት ይከፈላል። የታችኛው መንጋጋ የፊተኛው ሥር በተለይ ቦዮቹ ቀጫጭንና ጠማማ ናቸው፤ የልጅቷም ብረት የቀረችው እዚያው ነው። ከ1980ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ከኒኬልና ከታይታኒየም የሚሠሩ፣ እንደ ልብ የሚተጣጠፉ ፋይሎች መጡ፤ ሥራውም ቀለለ። ችግሩ እነሱም ብዙ ከሠሩ በኋላ ይደክማሉ፤ ሲደክሙ ደግሞ ሁልጊዜ በዓይን የሚታይ ምልክት አይሰጡም። ጎበዝ በተባለ ሐኪም እጅም ይሰበራሉ። የላይኛው የመጀመሪያ መንጋጋ ደግሞ ሌላ ጉድ አለው፤ ሦስት ሥር አለው ተብሎ ሦስት ቦይ ይፈለጋል፣ አራተኛው ተደብቆ ይቀራል። ይሄም ቢሆን ሙያው የሚያውቀው ችግር ነው።

ደግሞም ለአብዛኛው ችግር መላ አለው። የተሰበረች ፋይል በማይክሮስኮፕ እየታየ በአልትራሳውንድ ንዝረት ትወጣለች፣ ወይም በጎኗ ሌላ ቀጭን ፋይል ሾልኮ ያልፋታል፣ ወይም ቦዩ በደንብ ጸድቶ ካለቀ በኋላ የተሰበረች ከሆነ እዚያው ትቀራለች፣ በየጊዜው ራጅ እየተነሳ ትታያለች። ብዙዎቹ ምንም ሳያደርጉ ይኖራሉ። የሚያስፈራው ሳይጸዳ የተሰበረው ነው፤ ከብረቷ በታች ያለው ቆሻሻ ተዘግቶበት ይቀራል። የኛዋ በሁለተኛው ቀጠሮ መሆኑን አስታውሱልን። ሥሩ ተሳስቶ ቢበሳስ? ለእሱም መድፈኛ አለው። በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አሜሪካ ሎማ ሊንዳ ዩኒቨርሲቲ የተሠራ፣ ኤምቲኤ የሚሉት ነገር ነው፤ ዘሩ ከፖርትላንድ ሲሚንቶ ነው። ከተማችን ከላይ በሲሚንቶ ስትሠራ እኛም ከውስጥ በሲሚንቶ እንጠገናለን ማለት ነው፤ ምን ከፋ።

መላ የሌለው ዝምታው ነው።

"በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም" እየተባልን ነው ያደግነው። ተረቱ የሚመክረው በሽተኛውን ነው። ሐኪሙ ሲደብቅስ? ለእሱ የተተረተ የለም። የጥርስ ሐኪም የሆኑ ወዳጆቻችንን ስንጠይቅ የሚሰጡን መልስ ሁሌም ያው ነው፤ "ታካሚው ይደነግጣል"። ይደንግጥ! ጥርሱ የማን ነው? ጥርስ ሲነቀል የማይደነግጥ፣ ዋጋ ሲነገረው የማይደነግጥ ይመስል፣ እውነት ሲሆን ብቻ ልቡ የሚቆም ማን ነው?

ሁለተኛው መልስ "ይከሱናል" ነው። እሺ፣ ሕጉን እንየው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2031 አንድ ባለሙያ ተጠያቂ የሚሆነው የሙያውን ደንብ ሳይጠብቅ፣ ባለመጠንቀቅ ወይም በቸልተኝነት ሲያጠፋ ነው ይላል። ብረት ተሰበረ ብሎ ብቻ ሰው አይቀጣም። እኛ ሕግ አዋቂ አይደለንም፤ ግን "ተሰበረች፣ ይኸው ራጁ፣ ምርጫችን እነዚህ ናቸው" ብሎ ካርድ ላይ የጻፈ ሐኪምና ደፍኖ ያሰናበተ ሐኪም ዳኛ ፊት እኩል ይታያሉ ብሎ የሚያሳምነን አልተገኘም።

ሦስተኛውን መልስ ማንም በአፉ አይናገረውም። "ሌላ ሐኪም ጋ ይሄድብኛል።" አዎ፣ ይሂድ! ማይክሮስኮፑ ያለው፣ በዚህ ላይ የተካነ ሌላ ሰው ካለ መላክ ምን ነውር አለው?

ዝምታው በፋይል ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ሥሩ የሚታጠብበት ፈሳሽ ሶዲየም ሃይፖክሎራይት ነው፤ በአማርኛ በረኪና። ጀርም ስለሚገድልና የሞተ ሥጋ ስለሚያሟሟ እኛም አንጠላውም። ግን መርፌው ቦዩ ውስጥ ተጣብቆ በኃይል ከተገፋ ፈሳሹ ከሥሩ ጫፍ አልፎ ሥጋ ውስጥ ይገባል። ያኔ ድንገት የሚያቃጥል ሕመም፣ በደቂቃዎች ውስጥ የሚያብጥ ፊት፣ በማግስቱ የሚጠቁር ጉንጭ ይመጣል። ሐኪሙ ወዲያው አቁሞ፣ በጨው ውኃ አጥቦ፣ ማስታገሻ ሰጥቶ፣ "ዛሬ በረዶ ያዢበት፣ ከነገ ጀምሮ ሞቅ ያለ ፎጣ፣ ነገ ጠዋት ላይሽ" ቢል አብዛኛው በሳምንታት ውስጥ ይድናል። "አለርጂ ይሆናል" ተብላ የተላከች ልጅ ግን ሌሊቱን መስታወት ፊት ቆማ ስታለቅስ ታድራለች።

ደግሞ ያልተነገረው ሰው የራሱን ሕክምና ይጀምራል። ከፋርማሲ አሞክሳሲሊን፣ ከጓደኛ የተረፈ ሌላ እንክብል። ነርቩ የሞተ ጥርስ ውስጥ ደም አይዞርም፤ የዋጥነው አንቲባዮቲክ ቦዩ ውስጥ ያለውን ቆሻሻ በምን ተሳፍሮ ያገኘዋል? ከሩት ካናል በኋላ ሁለት ሦስት ቀን ሲነክሱ ማመሙ የተለመደ ነው። እብጠቱ ወደ አንገት ከወረደ፣ ትኩሳት ከመጣ፣ መዋጥ ወይም መተንፈስ ካቃተ ግን ነጋ አልነጋ ሳይባል በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ነው። ይህን ሁለት መስመር ወረቀት ላይ አትሞ መስጠት ስንት ብር ይፈጃል?

ራበር ዳም የምትባል ስስ የላስቲክ መጋረጃም አለች። ጥርሱን ብቻ አስወጥታ የቀረውን አፍ ትሸፍናለች፤ ምራቅ ወደ ጥርሱ፣ በረኪናና ፋይል ወደ ጉሮሮ እንዳይገቡ። ኒውዮርክ ውስጥ አንድ የጥርስ ሐኪም በ1864 (እ.ኤ.አ.) ነው የፈጠሯት፤ አፄ ቴዎድሮስ በሕይወት እያሉ ማለት ነው። ከእኛ ስድስታችን ሩት ካናል ተሠርቶልናል፤ ይቺን ላስቲክ ያየ አንድ ብቻ ነው።

እኛስ ንጹሕ ነን? የለንበትም አንልም። ሕመሙ ሲቆም ቀጠሮ የምንቀጣ እኛ ነን። ለሁለት ሳምንት የተደፈነችውን ጊዜያዊ መድፈኛ ስምንት ወር የምንበላባት፣ "ክራውን ይሠራለት" ስንባል "ገንዘብ ሊበሉ ነው" ብለን የምንስቅ፣ ከዚያ ጥርሱ ለሁለት ሲሰነጠቅ ሐኪሙን የምንረግም እኛው ነን። አንዳችን ሐኪሙን በምሳ ሰዓት "ቶሎ ይጨርሱልኝ፣ ስብሰባ አለኝ" ብሏል። ጠማማ ሥር ውስጥ ያለ ብረት ደግሞ ስብሰባ አያውቅም። እንዲህ ያለ ታካሚ የሚያስመርር መሆኑን እናምናለን። ቢሆንም ቀጠሮ የቀጣ ሰውም ጥርሱ ውስጥ ምን እንዳለ የማወቅ መብቱን አልቀጣም።

ስለዚህ ወንበሩ ላይ ስትወጡ አፋችሁ ከመከፈቱ በፊት ጠይቁ። ሥራው ሲያልቅ ራጅ ይነሳል ወይ? ኮፒው ይሰጠኛል? አንድ ነገር ቢያጋጥም ይነገረኛል? ፊቱ የሚቀያየር ሐኪም ካያችሁ፣ እግር አላችሁ።

ልጅቷ ወደ መጀመሪያው ክሊኒክ ተመልሳ ነበር። ለጠብ አይደለም፤ አዲሷ ሐኪም የድሮውን ራጅ ስለፈለጉት ነው። ሐኪሙ ራሳቸው ወጥተው አነጋገሯት።

"ያኔ ብነግርሽ ትደነግጪ ነበር" አሏት።

"አዎ ዶክተር፣ እደነግጥ ነበር። ግን ደንግጬ በሳምንቱ መፍትሔ እፈልግ ነበር።"

መልስ አልሰጡም። ራጁን ግን ከኮምፒውተሩ ላይ በስልካቸው አነሱና በቴሌግራም ላኩላት።

አዲሷ ሐኪም በሁለት ቀጠሮ በብረቷ ጎን አልፈው ቦዩን እስከ ጫፉ አጸዱት፤ ብረቷ እዚያው ቀርታለች። ድዷ ላይ ያለችው ብጉር ጠፍታለች። ቀጣዩ ራጅ ከስድስት ወር በኋላ ነው።