ጠገራውን ከማቅለጣችን በፊት

አሮጌ ገንዘብ መሰብሰብ የሥራ ፈት ጨዋታ ነው የሚሉ በግቢያችን አሉ። ሌሎች ደግሞ «መታሰቢያ ሳንቲም ገዝተህ አስቀምጥ፤ ዋጋው ብቻውን ያድጋል» ይላሉ። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሁለቱም ወገኖች ዋናውን ነገር እንደሳቱ ማሳየት ነው። ለጅማ፣ ለአጋሮና ለሊሙ ልጅ ከሁሉ የሚበልጠው መታሰቢያ ከሩቅ አገር የሚታዘዝ ሳይሆን በአያቶቻችን ሣጥን ውስጥ ያለው ጠገራ ብር ነው።

ለመታሰቢያ ተብለው የወጡ ሳንቲሞች በአገራችን አልታጡም። በ1958 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ምስል ያለባቸው የወርቅ ሳንቲሞች ተቀርጸዋል። በ1964 ዓ.ም. ከዐፄ ቴዎድሮስ ጀምሮ የነገሥታቱን መልክ የያዙ የአምስት ብር ሳንቲሞች ወጡ፤ በ1970 ዓ.ም. ደግሞ የዱር አራዊታችንን ለማስታወስ የኒያላና የዋልያ ምስል ያለባቸው ተከተሉ። እነዚህ ውብ ናቸው፤ ሰብሳቢውንም ያስደስታሉ። ነገር ግን ለሰብሳቢ ገበያ የወጡ እንጂ ቡና ተገዝቶባቸው፣ ከእጅ ወደ እጅ ዞረው የሚያውቁ አይደሉም።

ጠገራው ግን ሌላ ነው። የኦስትሪያዋ ማሪያ ቴሬዛ የሞተችው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1780 ነው። ከዚያ በኋላ የተመታው ጠገራ ሁሉ፣ ዛሬ በቪየና የሚመታው ጭምር፣ ይህንኑ ዓመት ይዞ ይወጣል። ምክንያቱም የእኛና የቀይ ባሕር ማዶ ነጋዴ የለመደውን መልክ ካላየ አልቀበልም ይል ነበር። አባቶቻችን በትከሻዋ ጌጥ ዙሪያ ያሉትን ዕንቁዎች አንድ በአንድ ቆጥረው፣ ጠርዙን በጣት ዳስሰው ነበር የሚቀበሉት። ዐፄ ምኒልክ ከ1887 ዓ.ም. ጀምሮ የራሳቸውን ብር በፓሪስ አስመትተው እንኳ ጠገራውን ከገበያ ሊያስወጡት አልቻሉም።

በዳግማዊ አባ ጅፋር ዘመን በሂርማታ ገበያ ሲራራ ነጋዴው ቡናውን፣ ዝባዱን፣ የዝሆን ጥርሱን የሚገዛው በአሞሌና በዚሁ ጠገራ ነበር። እውነቱን ካልደበቅን በዚያው ገበያ ሰውም ተሽጦበታል። እንግዲህ ሳንቲሙ የደስታ ብቻ ሳይሆን የግፍም ምስክር ነው። ሌላም አለ። በ1927 ዓ.ም. ጣሊያን አገራችንን ለመውረር ስትዘጋጅ ማኅተሙን ከቪየና ወስዳ ጠገራውን በሮም ማስመታት ጀመረች፤ ብዙም ሳይቆይ እንግሊዝ በለንደን አስመታች። ስለዚህ «1780» የሚለው የአጋሮ ሳንቲም በእውነቱ የወራሪው ጦር ስንቅ መግዣ ሆኖ የመጣ ሊሆን ይችላል። በፊቱ ላይ ያለው ዓመት ይህን አይነግረንም፤ የሚነግረን የፊደሉንና የጌጡን ጥቃቅን ልዩነት ማጥናት ነው። ታዲያ ይህ የሥራ ፈት ጨዋታ ነውን?

ስለ ትርፉም በግልጽ እንነጋገር። ጠገራ 28 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ከዚህ ውስጥ 23 ግራም ተኩል የሚጠጋው ንጹሕ ብር ነው። አንጥረኛው የሚከፍለው ይህን መዝኖ ነው። ከዚያ በላይ የሚያወጣው ብርቅ የሆነው ዓይነት፣ ያልተበሳው፣ በአመድና በሎሚ ያልተፈተገው ብቻ ነው። ጠገራ በብዙ መቶ ሚሊዮን ስለተመታ ተራው ሰውን አያበለጽግም። በአንገት ጌጥነት የተበሳ ደግሞ በሰብሳቢ ዘንድ ዋጋው ይወድቃል፤ ለታሪክ ግን ያ ቀዳዳ ራሱ ትልቅ ቁም ነገር ነው፤ ገንዘቡ ጌጥ፣ ጌጡም የሙሽራ ጥሎሽ እንደነበረ ይመሰክራልና። በመታሰቢያ ሳንቲም እከብራለሁ የሚል ወንድማችን ይህን ሒሳብ አስቀድሞ ያስላ።

አሁን የሚያሳዝነው ነገር ይኸውና። የቡና ዋጋ በወደቀበት ዓመት፣ ወይም የልጅ የትምህርት ወጪ በጎደለ ጊዜ፣ ጠገራው ከሣጥን ወጥቶ በሚዛን ይሸጣል፤ በማግሥቱም ቀልጦ ቀለበት ይሆናል። የተቸገረን ቤተ ሰብ አትሽጥ ማለት አንችልም፤ መብትም የለንም። ነገር ግን ብሩ ቢሸጥ እንኳ ታሪኩ አብሮ መሸጥ የለበትም። ለስንት ፈረሱላ ቡና ተከፈለ? ማን አመጣው? ለማን ሠርግ ተሰጠ? ይህን የሚያውቁ እናቶችና አባቶች በየዓመቱ እያለፉብን ነው።

ስለዚህ ለተማሪዎች ማኅበራችንና ለመምህራን የማቀርበው ሐሳብ ቀላል ነው። እያንዳንዱ ተማሪ ለዕረፍት ወደ አገሩ ሲሄድ፣ ወደ ጎማ ይሁን ወደ ጌራ ወይም ወደ ሰቃ፣ አንድ ደብተር ይያዝ፤ በቤቱ ያለውን ጠገራ ይመዝን፣ ሁለቱንም ገጽ ፎቶግራፍ ያንሣ፣ የባለቤቱን ቃል ይጻፍ። የታሪክ መምህራን ደብተሮቹን ይመርምሩልን። በፈቃዱ የሚሰጥ ከተገኘም የአባ ጅፋር ዕቃዎች ባሉበት በጅማ ሙዚየም ይቀመጥ። ለዚህ ሥራ ሚዛንና እርሳስ እንጂ በጀት አያስፈልገውም።

የውጭ አገር ሊቃውንት ስለ ጠገራ ብዙ ጽፈዋል። በዚያ ብር ቡናውን የሸጠው ገበሬ የተናገረውን ግን ልጆቹ ካልጻፍነው ማንም አይጽፍልንም።