ተራራውን የሚያውቅ ይንዳ

የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በ2025 አጋማሽ ወደ ሃኖይ መብረር ከጀመረ ወዲህ፣ ሰሜን ቬትናምን ማየት ለሚፈልግ ኢትዮጵያዊ መንገዱ ቀሏል። ሃኖይ የደረሰ ወጣት ተጓዥ ብዙ ሳይቆይ አንድ ስም መስማቱ አይቀርም፦ ሃ ዣንግ። ከዋና ከተማዋ በስተሰሜን 300 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ከቻይና ድንበር ጋር የሚዋሰን የኖራ ድንጋይ ተራራ አገር ነው። ከመላው ዓለም የሚመጡ ወጣቶች እዚያ በቡድን ሆነው በሞተር ሳይክል ሦስት አራት ቀን ይዞራሉ፤ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዘው ከተነሱበት ከተማ ይመለሳሉ። በማኅበራዊ ሚዲያ የሚታዩት ቪዲዮዎች ያማልላሉ። ጭጋግ የዋጠው ሸለቆ፣ እንደ ሹል ጥርስ የተደረደሩ ጫፎች፣ ገደል አፋፍ ላይ የተዘረጋ ቀጭን አስፋልት ይታያል። ሰው ከመነሳቱ በፊት ሊመልሰው የሚገባው ጥያቄ ግን በቪዲዮው ውስጥ የለም። መሪውን የሚይዘው ማን ነው?

የዚህ ጽሑፍ አቋም ግልጽ ነው። በተራራ መንገድ ሞተር የመንዳት ልምድ የሌለው ሰው በሃ ዣንግ ሞተር መከራየት የለበትም። ከአካባቢው ተወላጅ ሞተረኛ ኋላ ተፈናጥጦ ይሂድ። ጉዞው አይጎድልበትም፤ እንዲያውም የሚያየው ይበዛለታል፤ የሚከፍለውም ገንዘብ ለተራራው ሰው ይደርሳል።

መንገዱ እንዴት እንደተሠራ ማወቅ ነገሩን በትክክለኛ ክብደቱ ለማየት ይረዳል። ከሃ ዣንግ ከተማ ተነስቶ በዶንግ ቫን በኩል እስከ ሜዎ ቫክ የሚዘልቀው 185 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ «የደስታ መንገድ» የሚል ስም ተሰጥቶታል። ሥራው በመስከረም 1959 ተጀምሮ በ1965 አለቀ። ከ16 ብሔረሰቦች የተውጣጡ ወጣት ዘማቾችና የጉልበት ሠራተኞች በድጅኖ፣ በመዶሻና በአካፋ ነው ድንጋዩን የፈለጡት። ከሁሉ የከበደው ማ ፒ ሌንግ የሚባለው የገደል በር ነበር። የተመረጡ ወጣቶች ወገባቸውን በገመድ ታስረው ገደሉ ላይ ተንጠልጥለው ቋጥኙን እየበሱ 11 ወር ሠሩ። በጠቅላላው ሥራ 14 ሰዎች ሕይወታቸውን እንዳጡ ይነገራል። ዛሬ ማ ፒ ሌንግ ላይ ለእነዚያ ወጣቶች የቆመ ሐውልት አለ። ተጓዡ ሞተሩን አቁሞ ከታች እንደ ክር የሚታየውን የኞ ኴ ወንዝ ፎቶ የሚያነሳው በእነሱ እጅ በተጠረበ ገደል ላይ ቆሞ ነው።

አካባቢው የሚታይ ነገር ብቻ አይደለም፤ የሚኖርበት ሰው አለ። ዩኔስኮ የሚደግፈው ዓለም አቀፍ የጂኦፓርኮች መረብ በ2010 የተቀበለው የዶንግ ቫን አምባ እስከ 2025 አጋማሽ አራት ወረዳዎች የነበሩትን ያቅፋል። ከነዋሪው የሚበዛው የህሞንግ ብሔረሰብ ነው። አፈር እጅግ ጥቂት በመሆኑ ገበሬው በዓለት ስንጥቅ ውስጥ አፈር እየጨመረ፣ በአንዱ ጉድጓድ ጥቂት ፍሬ በቆሎ እየዘራ ይኖራል። ውኃም ይቸግራል፤ የኖራ ድንጋይ ዝናቡን ጠጥቶ ወደ ውስጥ ስለሚያሰርገው በበጋ ብዙ መንደር ይጠማል። በመንገዱ ዳር ቅርጫት አዝላ የምትሄደው እናት፣ ከትምህርት ቤት የሚመለሱት ሕፃናት፣ ከብት የሚነዳው ሽማግሌ ሁሉ የሚጠቀሙበት ያንኑ አስፋልት ነው። ሌላ መንገድ የላቸውም። እሑድ ጠዋት የሜዎ ቫክ ገበያ ሲቆም ደግሞ አሳማና ዶሮ የያዘ ሕዝብ መንገዱን ይሞላዋል።

በዚህ መንገድ ላይ ነው ትናንት መሪ የጨበጠ ሰው ሞተር ተከራይቶ የሚወጣው።

ተራራ ላይ ሞተረኛን የሚጥለው ብዙ ጊዜ ኩርባ መሃል የሚወሰድ የድንጋጤ ውሳኔ ነው። ቁልቁለት የሚወርድ ጀማሪ ማርሽ ቀንሶ ሞተሩ ራሱ እንዲይዘው ማድረግ ሲገባው ፍሬኑን ሳይለቅ ይወርዳል። ፍሬኑ ይግላል፤ የመያዝ አቅሙም ይዳከማል። ኩርባው ሲጠብበት ዓይኑን ወደ መውጫው ከመላክ ይልቅ ገደሉ ላይ ያፈጣል፤ ሞተር ደግሞ ነጂው ወዳየበት ያመራል። ተደናግጦ የፊት ፍሬኑን ሲጨብጥ፣ አስፋልቱ ላይ ጠጠር ተበትኖ ከሆነ ጎማው ከሥሩ ይከዳዋል። ልምድ ያለው ሰው ፍጥነቱን የሚቀንሰው ኩርባው ሳይጀምር ነው። ወደ ውስጥ ሲገባ ሥራው አልቋል፤ የሚቀረው መውጫውን እያየ መታጠፍ ብቻ ነው። ይህ በንግግር ቀላል ነው፤ እጅና እግር እስኪለምደው ግን ወራት ይፈልጋል።

ማስረጃ ለሚፈልግ፣ በአሜሪካ በ1981 የወጣውና በዋና ተመራማሪው በሃሪ ኸርት ስም የሚታወቀው ጥናት አለ። ተመራማሪዎቹ በሎስ አንጀለስ አካባቢ የደረሱ 900 ያህል የሞተር አደጋዎችን ቦታው ድረስ ሄደው መርምረዋል። ሌላ ተሽከርካሪ ባልነበረባቸው አደጋዎች፣ ከሦስቱ በሁለቱ ያህል ስሕተቱ የነጂው ነበር። ፍሬን ከልክ በላይ ይዞ መንሸራተት፣ ኩርባ ላይ በፍጥነት ገብቶ ከመስመር መውጣት፣ እነዚህን የመሳሰሉ። ሌላው ግኝት የበለጠ ያስደነግጣል፦ አደጋ ከደረሰባቸው ነጂዎች 92 በመቶው ሞተር መንዳት የተማሩት በራሳቸው፣ ወይም ከቤተሰብና ከጓደኛ ነበር። ሎስ አንጀለስና ሃ ዣንግ በምንም አይገናኙም፤ የሚንሸራተት ጎማ ግን በሁለቱም ቦታ አንድ ነው።

በቡድን ሲሆን ደግሞ እፍረት ይጨመራል። አሥር ሞተር ተከታትሎ ሲሄድ ከፊት ያለው ኩርባ ጨርሶ ፍጥነት ሲጨምር፣ የመጨረሻው ገና ኩርባው ውስጥ ነው። ቡድኑን ላለማጣት ከሁሉም በላይ መፍጠን የሚገደደው ከኋላ ያለው ይሆናል። ኋላ የሚቀረው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ጀማሪው ነው። «ቀስ በሉልኝ» ለማለት ያፍራል፤ ሲያርፉ ስለ ድፍረታቸው ሲያወሩ ይሰማል፤ ስለዚህ ይታገላል። ጥሩ ቡድን ይህን የሚፈታበት የታወቀ ሥርዓት አለው። መሪው ፍጥነቱን በመጨረሻው ሰው አቅም ይለካል። መንገዱን ጠንቅቆ የሚያውቅ ሁለተኛ ሰው ደጀን ሆኖ ከሁሉ ኋላ ይሄዳል። መገንጠያ ላይ እያንዳንዱ ተከታዩን እስኪያይ ይቆማል። ቀጥ ባለ መንገድ ግራና ቀኝ ተዛንቀው፣ ኩርባ ላይ ግን ተራርቀው አንድ በአንድ ይሄዳሉ። መንገድ ላይ የተዋወቁ፣ በተለያየ ቋንቋ የሚናገሩ፣ የሌላውን የመንዳት ችሎታ የማያውቁ ወጣቶች ይህን ሥርዓት በአንድ ጠዋት ሊፈጥሩት አይችሉም።

ማታ ማታ ደግሞ የበቆሎ አረቄ ይቀዳል። በየመንደሩ ያሉ የእንግዳ ማደሪያዎች እራት ላይ ማቅረባቸው የቆየ የመስተንግዶ ወግ ነው፤ ወጉም የሚከበር ነው። ነገር ግን በቱሪስት ቡድን ዘንድ እራቱ ወደ ጭፈራ፣ ጭፈራው ወደ እኩለ ሌሊት ከተሻገረ፣ ጠዋት ማ ፒ ሌንግን የሚወጣው ሰው ደሙ ውስጥ አልኮል ይዞ ነው። የቬትናም ሕግ በዚህ ላይ ምንም አይታገሥም፤ ከጥር 1 ቀን 2020 ጀምሮ አሽከርካሪ በደሙ ወይም በትንፋሹ ቅንጣት አልኮል እንዳይኖረው ተከልክሏል። ይህች አገር በመንገድ ደኅንነት ቀልድ አታውቅም። ከታኅሣሥ 15 ቀን 2007 ጀምሮ ሞተር ላይ የሚወጣ ሁሉ፣ ነጂም ተፈናጣጭም፣ ሄልሜት እንዲያደርግ አስገድዳለች፤ በጥቂት ጊዜ ውስጥም የሕዝቡን ልማድ ቀይራለች። እንግዳ ሆኖ ይህን ጥረት ማፍረስ ነውር ነው።

የመንጃ ፈቃድም ጉዳይ አለ። ቬትናም የምትቀበለው ዓለም አቀፍ ፈቃድ በ1968ቱ የቪየና ስምምነት መሠረት የተሰጠውን ነው፤ በ1949ኙ ስምምነት የሚሰጠው አያገለግልም። አሜሪካ የምትሰጠው የኋለኛውን በመሆኑ፣ ከዚያ የሚመጣ ትውልደ ኢትዮጵያዊ ፈቃዱን ይዞ ቢሄድም በሕግ ፊት ፈቃድ እንደሌለው ይቆጠራል። ፈቃድ የሌለው ነጂ ሲወድቅ አብዛኛው የጉዞ መድን አይከፍልም። አጥንቱ የተሰበረ ሰው ከዶንግ ቫን እስከ ሃኖይ የሚደርስበትን ርቀትና ወጪ ማሰብ ይበቃል።

ታዲያ ቱሪስቶች «ኢዚ ራይደር» የሚሏቸው የአካባቢው ሞተረኞች ለምን ይሻላሉ? ችሎታ አንዱ ነው፤ ዋናው ግን እውቀት ነው። የትኛው ኩርባ ጠዋት ጤዛ እንደሚይዝ፣ የትኛው ዳገት ከዝናብ በኋላ እንደሚናድ፣ የገበያው ሕዝብ በየትኛው ሰዓት መንገዱን እንደሚሞላ ያውቃሉ። በመስከረም 2024 ያጊ የተባለው አውሎ ነፋስ ሰሜን ቬትናምን ሲመታ ተራራው በብዙ ቦታ ተደርምሶ ነበር። እንዲህ ባለ ወቅት የስልክ ካርታ ክፍት ብሎ የሚያሳየው መንገድ ተዘግቶ ሊገኝ ይችላል፤ ለዘመዱ ደውሎ ማጣራት የሚችለው የአገሩ ሰው ብቻ ነው።

የተፈናጠጠው ተጓዥ ደግሞ እጁ ነፃ ነው። ሁለት ዓይኑን ከአስፋልቱ አንሥቶ ገደሉን፣ የድንጋይ አጥሩን፣ በዓለት መሃል የበቀለችውን በቆሎ ያያል። ራሱ የሚነዳ ጀማሪ ግን ቀኑን ሙሉ የሚያየው ከፊቱ ያለውን አሥር ሜትር ነው።

ገንዘቡም መታሰብ አለበት። ሞተር የተከራየ ሰው የሚከፍለው ለአከራዩ ሱቅ ነው። ሞተረኛ የቀጠረ ሰው ግን ለአንድ የአካባቢው ወጣት የቀናት ደመወዝ ይሰጣል። መሬቱ ለሁሉም በማይበቃበት በዚህ አምባ፣ ሌላው አማራጭ ወደ ፋብሪካ ከተሞች መሰደድ ሲሆን፣ ይህ ሥራ ልጁን ቀዬው ያቆየዋል።

የሞተር ፍቅር ያለበት ሰው እዚህ ላይ ይቃወማል። ደስታው ራስ መንዳቱ ነው፤ ተፈናጥጦ መሄድ ምን ትርጉም አለው? ተቃውሞው እውነት አለው። በአገሩ ተራራ ለዓመታት የነዳ፣ ሕጋዊ ፈቃድ ያለው፣ ቁልቁለትና ዝናብ የለመደ ሰው ራሱ ቢነዳ የሚከለክለው ምክንያት የለም፤ መንገድ የሚያሳይ የአገር ሰው ግን አብሮት ቢኖር ይጠቀማል። ጽሑፉ የሚሞግተው ሃ ዣንግ ላይ መንዳት ልጀምር የሚለውን ነው። ስሕተቱን የሚከፍለው እሱ ብቻ አይደለምና፤ ከኩርባው ማዶ ቅርጫት አዝላ የምትመጣው ሴትም ናት።

ከአካባቢው ሞተረኛ ጋር መሄድ ብቻውን ሁሉን አያስተካክልም። ሰላሳና አርባ ሞተር ያሰለፈ ቡድን፣ ነጂዎቹ የቱንም ያህል ቢያውቁ፣ ለመንደሩ ሸክም ነው። የገንዘብ ጉጉት ተራራውን ምን ሊያደርገው እንደሚችል በ2019 ታይቷል። ማ ፒ ሌንግ ላይ ከገደሉ ጥግ ባለ ብዙ ፎቅ ሕንፃ ያለ ተገቢ ፈቃድ ተገንብቶ ሲገኝ የቬትናም ሕዝብ ተቆጣ፤ ጋዜጦችም ጉዳዩን ያዙት። ባለሥልጣናት ሕንፃው እንዲስተካከል ለማዘዝ ተገደዱ። ትንሽ ቡድን፣ ትንሽ ማደሪያ፣ የአገር ነጂ፤ ተራራው የሚሸከመው ይህን ያህል ነው።

ኢትዮጵያውያን ይህን ሐሳብ ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልጋቸውም። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክን የሚጎበኝ ሰው ከደባርቅ ሲነሳ አስጎብኚ፣ መሣሪያ የያዘ ስካውትና በቅሎ ጫኝ አብረውት ይወጣሉ፤ የአካባቢው ሰዎች ናቸው፤ ከእንግዳው የሚገኘው ገቢም ቤታቸው ይገባል። ማንም ተጓዥ ስካውት አብሮት በመሄዱ ጉዞው አነሰብኝ አይልም። በሊማሊሞ ጠመዝማዛ ወይም በዓባይ በረሃ ቁልቁለት የሞተር ጉዞ የማዘጋጀት ሐሳብ ያላቸው ወጣቶች በሰላሙ ቀን ሥራውን ሲጀምሩ፣ ከሃ ዣንግ ሊወስዱ የሚገባው የመጀመሪያ ነገር ከተጓዡ ፊት የሚቀመጠውን ነጂ ነው። የሚከራይ ሞተር መደርደር ከዚያ በኋላ የሚታሰብ ነው።

ወደ ሃኖይ ትኬት የቆረጠ ሰው ግን ገንዘብ ከመክፈሉ በፊት አዘጋጁን ጥቂት ነገር ይጠይቅ። ነጂዎቹ የየትኛው አካባቢ ልጆች ናቸው? በአንድ ቡድን ስንት ሞተር ይወጣል? ከሁሉ ኋላ የሚሄደው ማን ነው? ነጂው ማታ ይጠጣል ወይ? ሄልሜቱ ፊትን ይሸፍናል ወይስ የጭንቅላትን አናት ብቻ? መልሱ የተድበሰበሰ ከሆነ ሌላ አዘጋጅ ይፈልግ፤ ሃ ዣንግ ከተማ ውስጥ ሞልተዋል። ጊዜ መምረጥ የሚችል ደግሞ ከባዱ ዝናብ አልፎ ሰማዩ በሚጠራበትና በዓለቱ መሃል የተዘራው ባክዊት የተባለው እህል ሮዝ አበባውን በሚያወጣበት በጥቅምትና በኅዳር ይሂድ።